ከብቅል እስከ ብርጭቆ፦ የሲንግል ሞልት ውስኪ ሳይንስ በሆጤ ዓይን

በደሴ ከተማ ሆጤ አካባቢ በአንድ የሠርግ ማግስት ግብዣ ላይ ተገኝተን ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጠርሙሶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንደኛው ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ ገዝቶ ያመጣው፣ «ሲንግል ሞልት ስኮች ውስኪ» የሚል ወርቃማ ጽሑፍ ያለበት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ምንም ጽሑፍ በሌለበት ጠርሙስ የተሞላ የሰፈር ዳግም አረቄ ነው። አንድ አዛውንት ከውስኪው ቀመስ አደረጉና «ይሄ ደግሞ ጭስ ጭስ ይላል፤ አሮባቸው ነው እንዴ?» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። ውስኪውን ያመጣው ዘመድ ግን ትንሽ ቅር ብሎት «አባባ፣ የዚህ የአንዱ ጠርሙስ ዋጋ የዚያን አንድ ጀሪካን ይገዛል» አላቸው። አዛውንቱም መለኪያቸውን አስቀምጠው «ታዲያ ጀሪካን የሚያህለው ልዩነት ምኑ ላይ ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

ይህ ጽሑፍ ለእኚህ አዛውንት ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ነው። ጥያቄው ጨዋታ ቢመስልም ቁም ነገር አለበት። ሁለቱ ጠርሙሶች የአንድ ሳይንስ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱንም ከእህልና ከብቅል፣ ከእርሾ፣ ከእሳትና ከእንፋሎት አግኝተናቸዋል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ ደግሞ የምላስ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የጤናም፣ የብዙ እናቶች እንጀራም ጉዳይ ነው። በሃይማኖታቸው ወይም በምርጫቸው አልኮል የማይቀምሱ ብዙ አንባቢዎች እንዳሉን እናውቃለን። ነገሩ የብቅል፣ የእንፋሎትና የጭስ ሳይንስ ነውና እነርሱም አብረውን ይዝለቁ።

ስሙ ምን ይላል?

በመጀመሪያ ስሙን እንፍታ። «ሞልት» እናቶቻችን ለጠላ የሚያዘጋጁት ብቅል ነው። «ሲንግል» ደግሞ «አንድ» ማለት ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎች እንደሚመስላቸው የአንድ በርሜል ወይም የአንድ ዓመት ምርት መሆኑን አይገልጽም፤ የአንድ ማንጠሪያ ቤት ምርት መሆኑን ነው የሚገልጸው።

እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው የብሪታንያ የስኮች ውስኪ ደንብ መሠረት፣ አንድ መጠጥ ይህን ስም ለመያዝ ከውሃና ከገብስ ብቅል ብቻ፣ በእርሾ ተብላልቶ፣ በአንድ ማንጠሪያ ቤት ውስጥ በድስት መሰል ማንጠሪያ መውጣት አለበት። ከዚያም ከ700 ሊትር በማይበልጥ የኦክ እንጨት በርሜል ውስጥ በስኮትላንድ ምድር ቢያንስ 3 ዓመት መቆየት ይኖርበታል። ሲታሸግም የአልኮል መጠኑ ከ40 በመቶ ማነስ የለበትም። ከውሃና ለማቅለሚያ ከሚሆን ካራሜል በቀር ምንም ነገር አይጨመርበትም።

ከዚህ የተለየው «ብሌንድድ» የሚባለው ነው። ይኸውም የብቅል ውስኪን ከስንዴ ወይም ከበቆሎ ከሚወጣ ቀለል ያለ ውስኪ ጋር በማዋሐድ የሚገኝ ነው። በከተሞቻችን ቡና ቤቶች በእጅጉ የሚታወቁት የጆኒ ዎከር ቀይና ጥቁር ሌብል ከዚህ ወገን ናቸው። ቅልቅል መሆን በራሱ ነውር አይደለም፤ ዓላማው ዘወትር ተመሳሳይ ጣዕም ማግኘት ነው። ሲንግል ሞልት ግን የአንድን ቤት ጠባይ ለማሳየት የሚሠራ ነው።

በስኮትላንድ ስለዚህ መጠጥ ከሚናገሩት ጽሑፎች ቀዳሚ ሆኖ የሚታወቀው እ.ኤ.አ. የ1494 የመንግሥት ሒሳብ መዝገብ ነው፤ ለአንድ መነኩሴ መጠጡን የሚያወጣበት ብቅል እንደተሰጠው ይገልጻል። የእኛው «አረቄ» የሚለው ቃል ደግሞ ከዐረብኛው «ዐረቅ» የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ላብ ማለት ነው። እንፋሎት ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ጠብ ጠብ ማለቱን ላየ ሰው ከዚህ የተሻለ ስም የለም።

ብቅሉ

የገብስ ፍሬ የስታርች ጎተራ ነው። እርሾ ግን ስታርችን መብላት አይችልም፤ የሚፈልገው ስኳር ነው። ገብሱ ረጥቦ መብቀል ሲጀምር ፍሬው ውስጥ አሚሌዝ የተባሉ ኢንዛይሞች ይፈጠራሉ፤ እነርሱም ስታርቹን ቆርጠው ስኳር ያደርጉታል። ቡቃያው ሳይረዝም ይደርቃል፤ ብቅል ሆነ ማለት ነው። የሰኞ ገበያዋ ብቅል ሻጭና የስኮትላንዱ ብቅል ሠሪ የሚሠሩት ይህንኑ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ወሎዬውን ገበሬ የሚያኮራ አንድ ቁም ነገር አለ። ኢትዮጵያ ከዓለም የገብስ ብዝኃ ሕይወት ማዕከላት አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ከአገራችን ከተሰበሰቡ የገብስ ዘሮች ውስጥ፣ ቅጠልን እንደ ዱቄት የሚሸፍነውን የሻጋታ በሽታ የሚቋቋም ዘረ መል ተገኝቷል። ይህ ዘረ መል ከ1970ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ ወደ በርካታ የአውሮፓ የገብስ ዝርያዎች እንዲገባ ተደርጓል። እንግዲህ በአውሮፓ የብቅል ማሳዎች ላይ የኢትዮጵያ ገበሬ ድካም ፍሬ አብሮ ይበቅላል ማለት ነው።

ድፍድፉና እንፋሎቱ

ለውስኪ የሚሆነው ብቅል ተፈጭቶ በሙቅ ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ጣፋጩ ፈሳሽ ተጠልሎ እርሾ ይገባበታል። ከጥቂት ቀናት በኋላ 8 በመቶ ገደማ አልኮል ያለው፣ ጌሾ የሌለው ቢራ የሚመስል ፈሳሽ ይገኛል። በኮምቦልቻ የቢራ ፋብሪካ የሚሠራው ሥራም እስከዚህ ድረስ የዚህ ዘመድ ነው። በአረቄ ሥራ ግን ጥንስሱ በጌሾና በብቅል ይጀመራል፤ ከዳጉሳ፣ ከበቆሎ ወይም ከማሽላ የተጋገረ ቂጣ ተፈርፍሮ ይገባና ድፍድፉ ይብላላል። ከዚያም ድፍድፉ በሸክላ ማሰሮ እሳት ላይ ይጣዳል፤ መጋጠሚያው በጭቃ ይመረጋል፤ እንፋሎቱም በሸምበቆ አልፎ ውሃ ውስጥ በተነከረ መቀበያ ላይ ይጠባጠባል።

እሳቱ ምን ይሠራል? አልኮል ከውሃ ይልቅ ቶሎ ስለሚተን፣ ከድፍድፉ የሚነሣው እንፋሎት ከድፍድፉ የበለጠ አልኮል ይይዛል። ሆኖም ንጹሕ አልኮል አይሆንም፤ ውሃውም አብሮ ይተናል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ማውጣት አይበቃም። በስኮትላንድ ከመጀመሪያው ማንጠር ከ20 እስከ 25 በመቶ፣ ከሁለተኛው 70 በመቶ ገደማ አልኮል ያለው ፈሳሽ ይገኛል። የእኛ «ተራ» እና «ዳግም» የሚሉት ስሞች ይህንኑ ሕግ የሚናገሩ ናቸው፤ ዳግም አረቄ 45 በመቶ ገደማ ሊደርስ ይችላል።

በመጻሕፍት ውስጥ አልኮል በ78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ውሃ በ100 ይፈላል ተብሎ ይጻፋል። ይህ ግን የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ከሆጤ ሜዳ ቆሞ ጦሳን ሽቅብ የሚመለከት ሰው ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ውሃ በ92፣ አልኮል ደግሞ በ71 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ተጉዘን ኮምቦልቻ ስንደርስ የውሃው መፍያ ወደ 94 ከፍ ይላል። ተማሪዎች በሁለቱ ከተሞች ውሃ አፍልተው በቴርሞሜትር ቢለኩ ራሳቸው ሊያረጋግጡት የሚችሉት ነው። ስለዚህ ለባሕር ዳርቻ አገር የተዘጋጀን የሙቀት ሰንጠረዥ በደሴ እንዳለ መከተል ያሳስታል። እናቶቻችን ቴርሞሜትር ሳይሆን አፍንጫቸውን መከተላቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ራስ፣ ልብና ጅራት

በአንድ ወቅት አረቄ ስታወጣ ያየናትን እናት የመጀመሪያውን ጠብታ ለምን እንደምትደፋው ጠይቀናት ነበር። «እሱ ለሰው አይሆንም፤ ራስ ያዞራል» ስትል መለሰችልን። የስኮትላንድ ባለሙያዎች የሚወጣውን ፈሳሽ በሦስት ይከፍሉታል። ቀድሞ የሚወጣው «ራስ» እንደ አሴታልዲሃይድና ኢታይል አሲቴት ያሉ፣ ሽታቸው እንደ ሙጫና እንደ ቀለም ማቅጠኛ የሚወጋ ቅመሞች የሚበዙበት ነው። መካከለኛው «ልብ» የሚጠጣው ነው። መጨረሻ የሚመጣው «ጅራት» ከባድና እርጥብ ጨርቅ የሚሸት ነው። ራሱና ጅራቱ ከቀጣዩ ዙር ጋር ተመልሰው ይነጠራሉ። ልቡ የት ይጀምር፣ የት ይቁም የሚለው ውሳኔ የማንጠሪያ ቤቱን ጠባይ ከሚወስኑት አንዱ ነው።

ይሁን እንጂ አንድ የተሳሳተ እምነት ማረም ይገባናል። የመጀመሪያውን ጠብታ መድፋት ሚታኖል የተባለውን መርዝ ሙሉ በሙሉ ያስወግዳል የሚሉ አሉ። ትክክል አይደለም። ሚታኖል ከውሃና ከአልኮል ጋር ተቀላቅሎ ሲገኝ በማንጠሩ ሂደት ሁሉ በጥቂት በጥቂቱ ይወጣል። ደግነቱ ከእህል ድፍድፍ የሚፈጠረው ሚታኖል በጣም አነስተኛ ነው፤ ምንጩ በፍራፍሬ ውስጥ የሚበዛው ፔክቲን ነውና። በየአገሩ በጅምላ ሰው የሚፈጁት የመመረዝ አደጋዎች በአብዛኛው የሚደርሱት ለኢንዱስትሪ የተዘጋጀ ሚታኖል መጠጥ ውስጥ ሲጨመር ነው። ክብሪት ጭሮ መፈተንም አያድንም። መንደዱ የአልኮሉን ብዛት እንጂ ጤናማነቱን አይናገርም፤ ሚታኖልም ይነዳል። ከጠጣ በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ፣ ዓይኑ የደበዘዘበት፣ ሆዱን የሚያመውና ትንፋሹ የሚፈጥን ሰው ካለ «ስካር ነው፣ ይተኛ» ሳይባል በፍጥነት ሆስፒታል መድረስ አለበት።

የማንጠሪያው ዕቃም ይናገራል። ስኮትላንዶች መዳብ የሚጠቀሙት መልኩ ስላማረ ሳይሆን፣ መዳብ መጥፎ ሽታ ያላቸውን የድኝ ውሕዶች ይዞ ስለሚያስቀር ነው። ሸክላና ሸምበቆ ይህን አያደርጉም፤ ነገር ግን መርዝም አይጨምሩም። አደጋው በእርሳስ የተበየደ ቧንቧ ወይም የአሮጌ መኪና ራዲያተር ለማቀዝቀዣነት ሲውል ነው፤ እርሳስ ከመጠጡ ጋር ገብቶ ነርቭንና ኩላሊትን ይጎዳል።

ጭሱ ከየት መጣ?

አሁን ወደ አዛውንቱ ግርምት እንመለስ። ውስኪው አላረረባቸውም። በስኮትላንድ ረግረጋማ ቦታዎች ለሺህ ዓመታት የተከማቸ፣ ያልበሰበሰ የዕፅዋት ቅሪት አለ፤ ፒት ይባላል። ተቆፍሮ ይደርቅና ይነዳል። አንዳንድ ማንጠሪያ ቤቶች እርጥቡን ብቅል የሚያደርቁት በዚህ ጭስ ነው። ከጭሱ ፊኖል የሚባሉ ውሕዶች ብቅሉ ላይ ያርፋሉ፤ ከእነርሱም ጓያኮል የተባለው ዋናውን የጭስ መዓዛ ይሰጣል።

ጓያኮል የሚገኘው የእንጨት ሊግኒን ሲቃጠል ነው። እንግዲህ በወይራ ጭስ የታጠነ ጋን ውስጥ የተጠመቀ ጠላን የሚያውቅ ሰው ለዚህ መዓዛ ባዕድ አይደለም። አዛውንቱ ጭሱን የለዩት አፍንጫቸው ስለሠለጠነ ነው። ያልጠበቁት በውስኪ ውስጥ ማግኘታቸውን ብቻ ነው።

በርሜሉና ዓመታቱ

ከማንጠሪያው ሲወጣ ውስኪም እንደ አረቄ ጥርት ያለ ነጭ ነው። ቀለሙንና ከጣዕሙ ብዙውን የሚያገኘው ከበርሜል ነው። የኦክ እንጨት ለውስኪው ቫኒሊን፣ የኮኮናት መዓዛ ያላቸው ላክቶኖችና ታኒን ይሰጠዋል። በውስጥ በኩል የከሰለው ግድግዳ ደግሞ ሸካራ ሽታዎችን ይቀበላል። በዚህ መካከል በየዓመቱ 2 በመቶ ያህሉ ተኖ ይጠፋል፤ ስኮትላንዶች «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል።

የአሜሪካ ቡርቦን በሕግ አዲስ የከሰለ የኦክ በርሜል ስለሚያስፈልገው፣ አንዴ ያገለገሉት በርሜሎች ወደ ስኮትላንድ ይሄዳሉ፤ ለውስኪው ቫኒላና ማር የሚመስል ጣዕም ይሰጣሉ። ሼሪ የተባለው የስፔን ወይን የነበረባቸው ደግሞ ዘቢብና ቴምር ያስታውሳሉ። ጠርሙስ ላይ «12 ዓመት» ከተባለ፣ ውስጡ ካለው ሁሉ ትንሹ 12 ዓመት በርሜል ውስጥ ቆይቷል ማለት ነው። ጠርሙስ ከገባ በኋላ ግን አይበስልም። ቁም ሣጥን ውስጥ ለ20 ዓመት የተቀመጠ የ12 ዓመት ውስኪ ያው የ12 ዓመት ውስኪ ነው።

እንዴት እንምረጥ?

ለመግዛት ያሰበ ሰው የሚከተሉትን ቢያስተውል እንመክራለን።

አንደኛ፣ ጽሑፉን ያንብብ። «ሲንግል ሞልት» እና «ስኮች» የሚሉት ቃላት አብረው መኖር አለባቸው። «ብሌንድድ ሞልት» ሌላ ነው፤ የበርካታ ማንጠሪያ ቤቶች የብቅል ውስኪዎች ድብልቅ ነው።

ሁለተኛ፣ የሚወደውን ጣዕም ይወቅ። ፍራፍሬና ማር የሚመስል ለስላሳ ለሚሻ እንደ ግሌንፊዲችና ግሌንሊቬት ያሉት የስፔይሳይድ ምርቶች ጥሩ መነሻ ናቸው። ሦስት ጊዜ የሚነጠረው የሎውላንዱ አከንቶሻን ቀለል ይላል። ወይራ የታጠነ ነገር የሚወድ ደግሞ ከአይላ ደሴት የሚመጡትን ላፍሮይግንና ላጋቩሊንን ይሞክር።

ሦስተኛ፣ በቀለም አይታለል። ካራሜል መጨመር ስለተፈቀደ ጥቁረቱ የዕድሜ ማስረጃ አይሆንም። ዕድሜም ብቻውን የጥራት ማስረጃ አይደለም፤ በርሜል ውስጥ ከልክ በላይ የቆየ ውስኪ እንጨት እንጨት ሊል ይችላል።

አራተኛ፣ ከአስመሳይ ይጠንቀቅ። ክዳኑና ማሸጊያው ያልተነካ፣ የፈሳሹ ከፍታ ከሌሎቹ ጠርሙሶች ጋር እኩል፣ ጽሑፉም ያልተንጋደደ መሆኑን ይይ። ዋጋው ከሚገባው በታች ከሆነ ይጠርጥር። ባዶውን ጠርሙስ ለቆራሌው ከመስጠት በፊት ጽሑፉን መላጥ፣ ሌላ ሰው በሐሰተኛ መጠጥ እንዳይታለል የምናደርገው ቀላል ውለታ ነው።

እንዴት ይቀመስ?

ሽታን የሚሰበስብ፣ እንደ ብርሌ ሆዱ ሰፋ አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ይመረጣል። ጥቂት ይቀዳ፤ አፍንጫን ሳይነክሩ ከአፈፍ ላይ ይሽተት፤ ከዚያም በትንሹ ይቀመስ፤ ምላስ ላይ ይቆይ። በረዶ መጨመር ኃጢአት አይደለም፤ ግን ቅዝቃዜ መዓዛ አዘል ውሕዶች እንዳይተኑ ያግዳል። ጥቂት ጠብታ ውሃ ግን ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2017 የስዊድን ተመራማሪዎች በኮምፒውተር ባካሄዱት የሞለኪውል ስሌት፣ የአልኮሉ መጠን 45 በመቶና ከዚያ በታች ሲሆን ጓያኮል ወደ ፈሳሹ ገጽ እንደሚወጣ፣ ከ59 በመቶ በላይ ሲሆን ግን በአልኮል ሞለኪውሎች ተከብቦ ወደ ውስጥ እንደሚሸሸግ አሳይተዋል። በሌላ አነጋገር ውሃው መዓዛውን ወደ አፍንጫ ያቀርበዋል።

መጠኑንም እንለካ። 40 ሚሊ ሊትር የ40 በመቶ ውስኪ 16 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለው፤ ይህም አንድ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ ውስጥ ካለው ጋር ይቀራረባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ለጤና ፍጹም አስተማማኝ የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ አስታውቋል። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ጥሩ መጠጥን የሚያውቅ ሰው ምልክቱ ጥቂት ቀምሶ ብዙ መናገር መቻሉ ነው።

ወደ ሆጤ ስንመለስ

«ጀሪካን የሚያህለው ልዩነት ምኑ ላይ ነው?» ላሉት አዛውንት መልሳችን እንዲህ ነው፦ ብቅሉ ላይ አይደለም፤ እሱ እኛም ዘንድ አለ። እሳቱና ዳግም ማውጣቱም አይደለም። ከፊሉ በርሜሉና የተጠበቀው ዓመት ነው። ከፊሉ ስምና ማጓጓዣ፣ ቀረጥም ነው። ትልቁ ግን ተጠያቂነቱ ነው። ያ ጠርሙስ ከምን እንደወጣ፣ የት እንደወጣ፣ ማን እንዳወጣው፣ ስንት ዓመት እንደቆየ፣ ስንት በመቶ አልኮል እንዳለው ይናገራል። ከዋሸ የሚጠየቅ አለ። የእኛው ጠርሙስ ግን ዝም ይላል።

ዝምታው የሚጎዳው ጠጪውን ብቻ አይደለም። ራሱን ደፍታ ልቡን ብቻ የምትሸጠው እናት፣ ምንነቱ ያልታወቀ አልኮል በውሃ አቅጥኖ «አረቄ» ከሚለው ሰው ጋር በአንድ ዋጋ ትሸጣለች። ድካሟ አይታይላትም፤ ዓይኗን ያስለቀሳት ጭስና የፈጀችው ማገዶ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ማገዶ የሚቆጥብ ምድጃ፣ እርሳስ የሌለበት ማቀዝቀዣ፣ ጥቂት ብር የሚያወጣ የአልኮል መለኪያ፣ በመጨረሻም የሠሪዋን ስም የያዘች ትንሽ ወረቀት ቢኖሩ፣ ይህ ሙያ ከጓዳ ወደ አደባባይ መውጣት ይችላል። እንደ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያሉ ተቋሞቻችን ተማሪዎች ለመመረቂያ ሥራ ርዕስ ሲፈልጉ ከዚህ የቀረበ የት ያገኛሉ?

አዛውንቱ ይህን ሁሉ ካዳመጡን በኋላ ጥቂት አሰቡና ወደ ጽሑፍ አልባው ጠርሙስ እያመለከቱ «ይሄን ማን እንዳወጣችው እኔ አውቃለሁ፤ ከሆጤ ውጭ ያለው ነው የማያውቀው» አሉን። ሳይንሱም ሥራው የሚጀምረው ከዚሁ ነው።